ሐምሌን የሚችል ሶላርና ባትሪ፦ ሦስት ክረምት ያየሁትን ልጠቁማችሁ

ግንቦት ሲጋመስ ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይሞላል፦ «ሶላር ላስገባ ነው፣ የትኛውን ልግዛ?» ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የግቢ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ የስኳር ታማሚ ስለሆነች ፍሪጃችን ውስጥ ኢንሱሊን አይጠፋም፤ ሶላር ያስገባሁትም ለእሱ ነው። ስለዚህ እዚህ የምጠቁመውን ሁሉ የመዘንኩት «ሐምሌ ላይ ይሠራል ወይ?» በሚለው ነው። በጋ ላይማ የማይሠራ ሶላር የለም።

ቁጥሩን ላስቀድም። ጣሪያዬ ላይ ሁለት ባለ400 ዋት ፓነሎች አሉ። ታኅሣሥና ጥር ላይ በቀን 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጡኛል (አንድ ኪሎዋት ሰዓት 1,000 ዋት ሰዓት ነው)። ሐምሌ ላይ ወደ 2 ይወርዳል፤ ጉም እንዳረፈበት፣ ሲያካፋ ውሎ በመሸ ቀን 700 ዋት ሰዓት እንኳ ያልሞላበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ቀን አንድ ብቻ ቢመጣ ችግር የለውም። ሦስት አራት ቀን ሲከታተል ነው ጉዱ።

ፍጆታችን ደግሞ ይኸው። ስድስት ባለ9 ዋት አምፖል ለ5 ሰዓት 270፣ ዋይፋዩ ሌት ተቀን 240፣ ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 240፣ ላፕቶፕ 200፣ የሁላችን ስልክ 60 ዋት ሰዓት። ሲደመር 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ፍሪጁ ለብቻው ሌላ 1 ይጨምራል። ምጣድ፣ ምድጃና ካውያ የሉበትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ፣ በትንሽ ባትሪ «እንጀራም ይጋገርበታል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

አሁን መጀመሪያ መለየት ያለበት ቤታችሁ የመብራት ኃይል መስመር አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ከተማ ውስጥ ክረምት ላይ መብራት የሚሄደው ውሃ ጠፍቶ አይደለም። ግድቦቹ የሚሞሉት እኮ ያኔ ነው፤ ሕዳሴም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ብዙውን ጊዜ መብራቱን የሚወስደው ነፋስ የጣለው ዛፍ፣ መብረቅ፣ የተበላሸ ትራንስፎርመር ነው፤ ከሰዓታት በኋላም ይመለሳል። ስለዚህ መስመር ያለው ሰው ባትሪና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት 220 ቮልት የሚቀይረውን) ያስቀድም፤ መብራት ሲኖር ከመስመሩ ይሞላል፣ ፓነሉ በዓመቱ ቢጨመር ይደርሳል። መስመር የሌለው ሰው ግን ገንዘቡን ፓነል ላይ ያውል። ጎተራ ስለሰፋ እህል አይገባበትም፤ ደመና በከረመበት ሳምንት ትልቅ ባትሪ ማለት ባዶ ጎተራ ነው።

ወደ ባትሪው ልምጣ፤ ብሩን የሚበላውም፣ እኔን ያንገበገበኝም እሱ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ሁለት ባለ12 ቮልት፣ 200 አምፒር ጄል ባትሪ ነበር። በወረቀት ላይ ሲደመር 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም ለእኛ የሚደርሰን 2.4 ነው። በጋውን አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ክረምት ሲገባ ግን ሳይሞላ ይመሻል፣ ሳይሞላ ይነጋል። ሊድ ያለበት ባትሪ፣ ተራው አሲድም ሆነ ጄሉ፣ ለሳምንታት ሙሉ ሳይሆን ሲቆይ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ከጠነከረ በኋላ አይለቅም።

በሁለተኛው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩ ይጮህ ጀመር። የቮልት መለኪያ ይዤ ባትሪውን ስለካው 12.4 ቮልት ይላል። ፍሪጁ ሊነሣ ሲል 10.6 ይወርዳል፣ ፍሪጁ ዝም ሲል ተመልሶ 12.3። እንዲህ የሚዋዥቅ ባትሪ አልቆለታል። እናቴ ሻማ ይዛ መጣችና «ልጄ፣ መድኃኒቱን የት ላሳድረው?» አለችኝ። የዚያን ሌሊት በፌስታል ጠቅልለን፣ ዙሪያውን እርጥብ ጨርቅ በተጠመጠመበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጥነው። እስኪነጋ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ጨርቁን አርሻለሁ።

አሁን ያለኝ ባለ25.6 ቮልት፣ 100 አምፒር ሊቲየም ነው፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት። 2.56 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፣ 90 በመቶውን ስለምንጠቀምበት 2.3 ይደርሰናል። ከሁለቱ ጄሎች ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ አንዱን ጄል ለሁለት ተሸክመን ነበር ያስገባነው፣ ይህን ግን ብቻዬን አነሣዋለሁ። ክረምት ላይ የሚበልጥበት ዋናው ነገር ግን ግማሽ ሆኖ ሳምንት ቢሰነብት የማይጎዳ መሆኑ ነው። ጥሩ የሚባለው ከ3,000 ጊዜ በላይ ሞልቶ ይወርዳል፤ ጄል በግማሹ እየተሠራበት እንኳ አጠገቡ አይደርስም። ሲገዛ ይወደዳል፣ እውነት ነው። ዋጋ ስታነጻጽሩ ግን ብሩን ባትሪው ላይ ለተጻፈው ሳይሆን በትክክል ለምትጠቀሙበት ኪሎዋት ሰዓት፣ ቀጥሎም ለዋስትናው ዓመት አካፍሉት። የውጭ ምንዛሬው በገበያ መወሰን ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዕቃ ዋጋ ስለሚለዋወጥ እዚህ የዋጋ ቁጥር አላስቀምጥም፤ በወሩ ያሳስታችኋል።

የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ለመያዝ አልተሠራም፣ ተዉት። ያገለገለ ሊቲየም የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ ሞልቶ እስኪያልቅ ፊታችሁ ይለካላችሁ። እምቢ ካለ አትግዙ።

ከማን ይገዛ ለሚለው ሁለት መንገድ አለ። መርካቶ ገብቶ ዕቃውን ለየብቻ ሰብስቦ በሚያውቁት ኤሌክትሪሻን ማስገጠም ይረክሳል። ነገር ግን አንዱ ሲበላሽ ፓነል ሻጩ በኢንቨርተር ሻጩ፣ እሱ በገጣሚው ያላክካል፤ ዕቃ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው የምመክረው። ዕቃውንም ገጠማውንም በአንድ ውል የሚይዝ ድርጅት ይወደዳል፤ ፍሪጅ ውስጥ መድኃኒት ያለው ሰው ግን ልዩነቱን ይክፈል። እኔ ለሊቲየሙ ሦስት ቦታ ሄጃለሁ። ሁለቱ «ስንት ኪሎዋት ይፈልጋሉ?» ብለው ዋጋ ነገሩኝ። ሦስተኛው ወንበር ሰጥቶኝ፣ ቤት ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ እያስቆጠረ ጻፈ፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደምንተኛ ሳይቀር ጠየቀኝ። ከዚያ «ሐምሌ ላይ ፀሐይ ከጠፋ ለአንድ ቀን ይበቃዎታል፣ ለሦስት ቀን ግን አይበቃም፤ ከመብራት ኃይል የሚሞላበትን መስመር አብረን እንሥራ» አለኝ። ከእሱ ገዛሁ።

ፓነል ስትገዙ የርዝመት መለኪያ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ትክክለኛ ባለ400 ዋት ፓነል ቁመቱ 1.7፣ ስፋቱ 1.1 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከ20 ኪሎ በላይም ይመዝናል። የዚያን ሲሶ የሚያህል ፓነል ላይ 400 ተብሎ ከተጻፈ፣ ስመ ጥሮቹን ጂንኮም ይበል ሎንጂ፣ መለያውን አትመኑት።

ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ኮንትሮለር አትናቁ። ጎረቤቴ ባለ400 ዋት ፓነሉን በርካሽ ፒደብሊውኤም ኮንትሮለር ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር አገናኝቶ «ሶላሩ ውሸት ነው» እያለ ያዝን ነበር። ፓነሉ 31 ቮልት አካባቢ ላይ 13 አምፒር ይሰጣል፤ ኮንትሮለሩ ቮልቱን ወደ ባትሪው ጎትቶ አውርዶ 13ቱን አምፒር ብቻ ያሳልፋል። ከ400 ዋቱ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 170 ገደማ ነው። ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር በሚቀይረው፣ ኤምፒፒቲ በሚባለው ቀየርንለት፤ እሱም እኔም ተደሰትን።

ኢንቨርተር ለፍሪጅ የግድ ፒዩር ሳይን ዌቭ፣ ማለትም እንደ መብራት ኃይል ያለ ለስላሳ ሞገድ የሚሰጥ መሆን አለበት። ትልቅ ስለሆነም ጥሩ ነው አትበሉ፤ አንዳንዱ ባለ5 ኪሎዋት ምንም ሳይሠራ 50 ዋት ይበላል። በቀን 1.2 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው፤ ክረምት ላይ ከሁለቱ ፓነሎቼ ምርት ከግማሽ በላይ ማለት ነው። «ሥራ ሲፈታ ስንት ይበላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመብራት ኃይል ጋር የሚያያዝ ከሆነ ቤቱን ከመስመሩና ከኢንቨርተሩ በአንዱ ብቻ የሚያገናኘው መቀያየሪያ በትክክል ይገጠም፤ ከእናንተ ቤት ወደ መስመሩ የሚመለስ ኃይል ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይገድላል።

አቅጣጫውን በተመለከተ ብዙ ገጣሚ «ፊቱን ወደ ደቡብ፣ ጋደል አድርገው» ይላል። ለበጋ ልክ ነው። ነገር ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ናት። ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ የተጋደለ ፓነል ሰኔ ላይ ከቀጥታው ጨረር ከሩብ በላይ ያጣል። 10 ዲግሪ ይበቃል፤ ዝናቡም አቧራውን አጥቦ ይወርዳል።  ገጠማውም ከሰኔ በፊት ይለቅ። የእኔ ቆርቆሮ የተበሳው ዝናብ ከጀመረ በኋላ ስለነበር ጎማ ያልገባለት አንድ ብሎን ኮርኒሳችንን አበላሽቶታል።

ከደብረ ብርሃን «ብርዱ ባትሪውን ይጎዳው ይሆን?» ብለው የጻፉልኝ አባት፣ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም፤ ይጎዳል። እርስዎ ጋ ውርጭ የሚጥለው በጋ ሌሊት ስለሆነና ሶላሩ የሚሞላው ቀን ስለሆነ ባትሪውን ከቤት ውስጥ ካስቀመጡት አያስቡ። ተራ አሲድ ባትሪ ከሆነ ግን ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ መኝታ ቤት አያስገቡት።

ኮንዶሚኒየም ሆነሽ ፓነል ስለመስቀል የጠየቅሽኝ እህቴ፣ ጣሪያው የጋራ ነውና አስቀድመሽ ማኅበሩን አናግሪ። እስከዚያው ኢንቨርተርና ሊቲየም ብቻ ይበቃሻል።

ከዋሽንግተን «ለወላጆቼ ከዚህ ልላክ ወይ?» ያልከኝ ወንድሜ፣ አትላክ። እዚያ የሚሸጠው ተንቀሳቃሽ ባትሪ የሚሰጠው 120 ቮልት ነው፣ እዚህ ያለው ዕቃ የሚፈልገው 220 ነው። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ደግሞ በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። ወላጆችህ መስመር የሌለበት ገጠር ከሆኑ እንደ ዲላይትና ሰን ኪንግ ያለ ፓነሉ፣ አምፖሉና ስልክ መሙያው አንድ ላይ የሆነ ዕቃ እዚሁ ይገዛላቸው። ቬራሶል የተባለው የሶላር ዕቃ ጥራት የሚያረጋግጥ ፕሮግራም ያለፉ ዕቃዎች ዝርዝር በኢንተርኔት በነጻ ይታያል፤ የምትገዛው እዚያ ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ። ከሚበቃቸው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ፓነል ያለውን ምረጥላቸው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል፣ በእኔ ደብተር ላይ ግን ምርቱ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚመለሰው መስከረም ከተጋመሰ በኋላ ነው።