የልብ ሕመም ያለበት ሰው ዓይን ለጥቂት ደቂቃ ጨልሞ ሲመለስ፣ ነገሩም ሁሉ ቢጫ ሲመስል

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባትና የልብ ድካም አለባት። በየቀኑ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚከላከል) 5 ሚ.ግ፣ ዲጎክሲን (የልብ መድኃኒት) 0.25 ሚ.ግ፣ ፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛ) 40 ሚ.ግ ትወስዳለች። ከአምስት ሳምንት በፊት አሚዮዳሮን (የልብ ምት የሚያስተካክል) 200 ሚ.ግ ተጨምሮላታል። በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ተቀምጣ ሳለች፣ «ጥቁር መጋረጃ ወረደብኝ» አለች። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለቀቃት፤ ሕመም የለውም። ከዚያ ሌላ ነጭ ግድግዳ ቢጫ ይመስለኛል ትላለች፣ መብራት ዙሪያ ቀለበት ታያለች፣ የምግብ ፍላጎቷም ጠፍቷል። መነጽር ቤት ተለክታ መነጽሩም የዓይን ግፊቱም ደህና ነው ተብለናል። የልብ ቀጠሮዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ መጠበቅ ይቻላል?

የነርቭ ክፍል ነርስ፦
አይቻልም፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይዘሃቸው ሂድ። መጋረጃውንና ቢጫውን ለየብቻ ያዛቸው፣ ምንጫቸው የተለያየ ሳይሆን አይቀርም።

መጋረጃ ወርዶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚለቅ ዕይታ፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ እንደ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ነው የሚታየው። ልብ በተዛባ ምት ሲርገበገብ ደም ግራው የላይኛው ክፍል ውስጥ ይተኛና ይረጋል። ከዚያ የምትነሳ ጥቂት ፍርፋሪ የዓይንን ደም ስር ለጊዜው ትዘጋለች። የአሁኑ መልቀቁ ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም። ከአንገት ደም ስር የሚነሳም አለ፣ ስለዚህ ኢሲጂ ብቻ ተነስቶ «ደህና ናቸው» ከተባልክ አትመለስ። የአንገት ዶፕለር (የደም ስር አልትራሳውንድ)፣ የአንጎል ኤምአርአይ ወይም ሲቲ፣ አይኤንአር (ዋርፋሪን የደም መርጋትን ምን ያህል እንዳዘገየ የሚለካ የደም ምርመራ)፣ እንዲሁም የዓይን ብሌን ማስፊያ ጠብታ ተደርጎ ሬቲና መታየቱን ጠይቅ። መነጽር ቤት የተለካው የማየት ጥራትና ግፊት ነው፤ ይህ ችግር እዚያ አይወጣም።

ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ስለሆነ ኢኤስአርና ሲአርፒ የሚባሉት የብግነት የደም ምርመራዎችም ይታዘዙ። አዲስ የራስ ምታት፣ ፀጉር ሲያበጥሩ የራስ ቅል ሕመም፣ ሲያኝኩ የመንጋጋ መድከም ካለ ሳትጠየቅ ተናገር። የደም ስር ብግነት ከሆነ ሕክምናው ከተጓተተ ዓይን ያጠፋል።

እንደገና ከመጣባቸው፣ አንድ ዓይን በእጅ ተሸፍኖ የግድግዳ ሰዓት ያንብቡ፣ ከዚያ ሌላውን። ብዙ ሰው «ቀኝ ዓይኔ ጠፋ» የሚለው የሁለቱም ዓይን ቀኝ ግማሽ ሲጠፋ ነው። በአንዱ ዓይን ከ1 እስከ 5 ያሉት ቁጥሮች ጠፍተው በሌላውም እነዚያው ከጠፉ፣ ችግሩ ያለው አንጎል ውስጥ ነው። ሙከራው ግን ግማሽ ደቂቃ አይለፍ፤ አምቡላንስ ጥሪው ይቅደም።

አንባቢ፦
ማይግሬን ሊሆን አይችልም? እሱም እኮ ዓይን ያጨልማል።

የነርቭ ክፍል ነርስ፦
ማይግሬን አብዛኛውን ጊዜ ዕይታ ላይ የሌለ ነገር ይጨምራል እንጂ ዕይታን አይቀንስም፤ የሚያብለጨልጭ ዚግዛግ መስመር ከትንሽ ነጥብ ተነስቶ 20 ወይም 30 ደቂቃ ውስጥ ይሰፋል። ድንገት የሚወርድ ጥቁር ሌላ ነው። በ63 ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ነገር፣ ያውም ልቡ በሚዛባ ሰው ላይ፣ ማይግሬን ብሎ ቤት ማስቀመጥ ልክ አይደለም።

ፋርማሲስት፦
ቢጫውን እኔ ልውሰድ። ቢጫ ዕይታ፣ የመብራት ቀለበትና የምግብ ፍላጎት መጥፋት አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲጎክሲን ነው። አሚዮዳሮን ዲጎክሲን በኩላሊት እንዳይወጣ ያግደዋል፣ በደም ውስጥ ያለውም መጠን እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ነው አሚዮዳሮን ሲጀመር ዲጎክሲኑ በግማሽ የሚቀነሰው። በጻፍከው ዝርዝር ላይ 0.25 እንዳለ ነው ያለው። ፉሮሴማይድ ደግሞ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ፖታሲየም ሲወርድ ያው መጠን የባሰ ይመርዛል። ኩላሊታቸው ከደከመ ሦስተኛ ምክንያት ተጨመረ ማለት ነው።

የሚያስፈልገው የዲጎክሲን መጠን፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና ክሬቲኒን (የኩላሊት መለኪያ) ነው። ደሙ ከመጨረሻው ክኒን ቢያንስ 6 ሰዓት አልፎ ይቀዳ፤ ቀደም ብሎ ከተቀዳ ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ይላል። ለልብ ድካም የሚፈለገው ከ0.5 እስከ 0.9 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው። መርዛማነት ከ2 በታችም ይመጣል፣ ስለዚህ «ቁጥሩ ገና ነው» ቢባል ምልክቱ ይከበር። የዛሬውን ዲጎክሲን ሐኪም ሳያናግር አትስጣቸው። የልብ ምታቸውን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠር፤ ከ60 በታች ከሆነ ገና በር ላይ ተናገር።

ዋርፋሪኑንም አሚዮዳሮን ያጠነክረዋል፣ የዋርፋሪን መጠን ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይቀነሳል። ለውጡ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚመጣ አይኤንአር በየሳምንቱ ይታያል። ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን ከ2 እስከ 3 ይፈለጋል። ከ2 በታች ከሆነ ለመርጋት በር ተከፍቷል፣ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ዓይን ውስጥ ደም መፍሰስም ሊታሰብ ይገባል። ስትሮክ ፈርተህ አስፕሪን እንዳትጨምር።

ጠያቂ፦
እየተነሳን ነው። አሚዮዳሮን ራሱ ዓይን ይጎዳል ሲባል ሰምቼ ነበር። ላቁመው?

የዓይን ሕክምና ባለሙያ፦
በራስህ አታቁም። የአሚዮዳሮን ዝቃጭ ጥቁሩ ዓይን ላይ እንደ አዙሪት መስመር ሆኖ በስሊት ላምፕ (የዓይን ሐኪም ማጉያ መሣሪያ) ይታያል፤ ብዙ ወሳጆች ላይ አለ፣ ዕይታ የሚያውክበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚያስፈራው ብርቅ የሆነው የዓይን ነርቭ ጉዳት ነው፤ እሱ ግን በደቂቃ አይለቅም፣ ዕይታውን በሳምንታትና በወራት እያደበዘዘ ይሄዳል። መድኃኒቱም ከሰውነት ለመውጣት ወራት ስለሚፈጅ ዛሬ ማቆሙ ለዛሬው ምሽት ምንም አይፈይድም። ተቀምጠው ሳለ መጣ ስላልክ ደግሞ ሲነሱ የሚወርድ የደም ግፊት አይመስልም። ቢሆንም ተኝተው 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ቆመው በ1 እና በ3 ደቂቃ ይለካላቸው፤ የላይኛው በ20 ከወረደ ይመዝገብ።

ጠያቂ፦
ዋርፋሪኗን ማታ ነው የምትወስደው። እዛ ሆነን ልስጣት?

ፋርማሲስት፦
አይኤንአሩ ሳይወጣ አትስጥ፣ ዘለህም አትለፍ። ውጤቱ ከማታው ሰዓት በፊት ይደርሳል፣ መጠኑን እነሱ ይነግሩሃል። የመድኃኒቶቹን ማሸጊያ ከነክኒኑ በከረጢት ያዝ፤ 0.125 እና 0.25 ዲጎክሲን በቃል ሲነገር በቀላሉ ይምታታል። መጋረጃው የወረደበትን ቀንና ሰዓት፣ የመጨረሻው ዲጎክሲን የተወሰደበትንም ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፍ።