የአረጋውያን ሳይካትሪ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ዓመት

ሰላም ለሁላችሁም። የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻላይዝ እያደረግኩ ያለሁ ሐኪም ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ። በየትኛው ዘርፍ እንደምቀጥል የምወስንበት ጊዜ ደርሷል። ልቤ ወደ አረጋውያን ሳይካትሪ ያደላል፣ ዙሪያዬን ያለው ሰው ግን ሁሉም ተው እያለኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው አንዲት የ78 ዓመት እናት ካየሁ በኋላ ነው። ልጆቻቸው "ጃጅተዋል፣ ሌላ ምንም የለም፣ የሚያስተኛ ነገር ብቻ ስጡን" ብለው ነው ያመጧቸው። ምግብ ትተዋል፣ ከስተዋል። ቀኑን ብጠይቃቸው "እኔ እንጃ"፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ብጠይቃቸው "እኔ እንጃ"። እኔም በሆዴ ዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) ነው ብዬ ዘግቼ ነበር። ሲኒየሬ ግን ከባድ ዲፕሬሽን (ድባቴ) ነው ብሎ ማከም ጀመረ። ከስምንት ሳምንት በኋላ በእግራቸው ገቡ። አዩኝና "ያን ቀን የግራ ጫማህ ክር ተፈትቶ ነበር፣ ልነግርህ አቅም አጣሁ" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ዘርፍ ማሰብ አቃተኝ። ግን ዕድሜ ልኬን የማይድን ሰው ሳይ ልኖር ነው? ከኒውሮሎጂ (ከነርቭ ሕክምና) በምን ይለያል? እንጀራስ ይሆናል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራው ለእኔ ይሁን አይሁን አሁኑኑ የማውቅበት መንገድ አለ? ገብታችሁበት ያላችሁ፣ ገብታችሁም የወጣችሁ፣ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

መልስ፦ ቀስ በቀስ

ወንድሜ፣ እዚህ ሥራ ላይ 11 ዓመት ሆኖኛል። የጫማ ክሯ ነገር አሳቀችኝ፣ እንዲህ ዓይነት ታካሚ ነው ሰውን ጠልፎ የሚያስቀረው።

"የማይድን ሰው ሳይ ልኖር ነው?" ላልከው መልሱ አሮጌ ነው። ድሮ አዛውንት አእምሮው ከታወከ "እርጅና ነው" ተብሎ ሁሉም በአንድ ጆንያ ይከተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ማርቲን ሮዝ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ሆስፒታል የገቡ አረጋውያንን በየምርመራቸው ለያይቶ መጨረሻቸውን ተከታተለ። የስሜት ሕመም ያለባቸው አብዛኞቹ ተሽሏቸው ወጡ። ዲሜንሺያ ያለባቸው ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ አብዛኞቹ አልፈዋል። በአንድ ስም ሲጠሩ የኖሩት በሽታዎች አንድ አለመሆናቸው የታየው ያኔ ነው። እኛ ዛሬም የምንሠራው ያንኑ መለየት ነው።

በተግባር ሦስት ነገር ትለያለህ፦ ዲሊሪየም፣ ዲፕሬሽን፣ ዲሜንሺያ። ዋናው ጥያቄ "ከመቼ ጀምሮ?" ነው። በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ከመጣ፣ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ሰውየው ትኩረቱን መያዝ ካቃተው ዲሊሪየም ነው፤ ኢንፌክሽን ፈልግ፣ ሽንት መቋጠሩን እይ፣ ሶዲየሙን እይ፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ጠይቅ። በሳምንታት ከሆነ ዲፕሬሽንን አስብ። በወራትና በዓመታት ከሆነ ዲሜንሺያ። ሦስቱም አንድ ሰው ላይ ሊደራረቡ ይችላሉ፣ ጣጣው እሱ ነው። ደግሞ ዲሊሪየም ሁሌ የሚጮህና የሚታገል አይደለም። ዝም ብሎ የሚያንቀላፋው ዓይነት ማንንም ስለማያስቸግር ያመልጠናል።

አንተ ያየሃቸው እናት "እኔ እንጃ" ማለታቸው ራሱ ፍንጭ ነበር። በዲፕሬሽን የተያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ለመመለስ አይሞክርም። የአልዛይመር (የዋናው የዲሜንሺያ ዓይነት) ታካሚ ግን ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ወይ በቀልድ ያልፍሃል፣ ወይ ዞሮ ልጁን ያያል። ሁሌም እንዲህ ነው አልልህም፣ ዓይንህ ግን ይልመደው። ሌላው፣ ዲፕሬሽኑ ቢሻላቸውም አትሰናበታቸው። እንዲህ ማስታወስ አቅቷቸው የነበሩ ሰዎች ከዓመታት በኋላ እውነተኛ ዲሜንሺያ የሚይዛቸው ጥቂት አይደሉም።

እና ፌስታሉ። ታካሚው ሲቀጠር የሚወስደውን ሁሉ በፌስታል ይዞ እንዲመጣ እናደርጋለን፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ እንዘረግፈዋለን። አንድ ቀን ከአንድ ፌስታል 14 ዓይነት ወጣ። ለእንቅልፍ ዳይፈንሃይድራሚን፣ ለእግር ማቃጠል አሚትሪፕቲሊን፣ ለሽንት ኦክሲቡቲኒን፣ ሦስት የተለያዩ ሐኪሞች በቅንነት ያዘዟቸው። ሦስቱም አሲቲልኮሊንን፣ አእምሮ ለማስታወስ የሚጠቀምበትን ኬሚካል፣ ያፍናሉ፣ የአዛውንት አእምሮ ደግሞ ያን አይችልም። ቀስ እያልን ቀነስን፣ ምንም አልጨመርንም። በሁለተኛው ወር ሰውየው ሒሳባቸውን ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ታዲያ ይሄ የማይድን ሰው ማየት ነው?

መልስ፦ መዶሻው

እኔ ኒውሮሎጂስት ነኝ፣ የልዩነቱን ነገር ልመልስ። ድንበሩ የወረቀት ነው። አረማመድ፣ መንቀጥቀጥ፣ ስትሮክ፣ የሚጥል በሽታ ወደኛ ይመጣል። ጥርጣሬ፣ "ገንዘቤን ሰረቁኝ" ማለት፣ ሌሊት መቅበዝበዝ፣ ራስን ለማጥፋት ማሰብ፣ ውል ለመፈረም አእምሮው ይበቃል ወይ የሚለው ወደነሱ ይሄዳል። በሽታው የተሰየመበት አልዛይመር ራሱ የሳይካትሪ ሐኪም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲናገር ያቀረባት ታካሚም መጀመሪያ የመጣችው ባሏን በመጠራጠር ነው።

መካከል ላይ ያለውን ካላወቅክ ግን ሰው ትጎዳለህ። ሬዚደንት ሳለሁ አንድ አባት "ክፍሉ ውስጥ ሕፃናት ቆመዋል" እያሉ ሌሊት አላስተኛ አሉን። እኔ ነኝ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን አንቲሳይኮቲክ (የሌለ ነገር ማየትን የሚያስታግስ መድኃኒት) ያዘዝኩት፣ በትንሹ ነበር ደግሞ። ጠዋት እንደ እንጨት ደርቀው ጠበቁኝ፣ ምራቃቸውን መዋጥ አቅቷቸው። ሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ ነበር፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት ክፉኛ የሚጎዳው ዓይነት። በቀን ውስጥ ግንዛቤው ከፍ ዝቅ የሚል፣ ጥርት ያለ ነገር የሚያይ፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው ስታገኝ እጅህን ሰብስብ። ሰውየው ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሻላቸው፣ እኔ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

መልስ፦ ወጣሁ

ሁሉም ማር እየቀባው ነው፣ እኔ አራት ዓመት ሠርቼ ወጥቻለሁ። ብሩን መጀመሪያ ልንገርህ፣ ማንም አይነግርህማ። አንድ አዲስ ታካሚ በደንብ ለማየት አንድ ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። ታካሚውን ታናግራለህ፣ ከዚያ ልጁን ለብቻው፣ ከዚያ የቤተሰብ ሐኪሙን በስልክ። ክፍያው ግን አብዛኛውን ጊዜ በታካሚ ቁጥር ነው። አሜሪካ ብትሄድ ከአራት ዓመት ሬዚደንሲ በኋላ አንድ ዓመት ፌሎሺፕ ትጨምራለህ፣ ደሞዝህ ግን ያን ያህል ላይጨምር ይችላል። የፌሎሺፕ ቦታ በየዓመቱ ሳይሞላ የሚቀረው ወዶ አይደለም።

ሁለተኛው ቤተሰብ ነው። እናት አልጋ ላይ ናቸው፣ ሦስት ልጆች ኮሪደር ላይ በቤት ይጣላሉ። አንደኛው "ኑዛዜ ለመፈረም ብቁ ናቸው ብለህ ጻፍልኝ" ይልሃል፣ ሌላኛዋ "እንዳትጽፍ" ትልሃለች። ብቃት ማለት ደግሞ አዎ ወይም የለም አይደለም፣ ለዚህ ውሳኔ፣ በዚህ ሰዓት ነው የሚለካው። ምሳ መምረጥ የሚችል ሰው ቤት መሸጥ ላይችል ይችላል። ይሄን ለተቆጣ ሰው ማስረዳት እኔን ጨረሰኝ። ሕመሙ አልነበረም ያስወጣኝ፣ ኮሪደሩ ነው።

መልስ፦ ሲስተር

ልጄ፣ እኔ ነርስ ነኝ፣ ሐኪሞቹ ስለማይነግሩህ ነገር ልናገር። ከምታዘው ይልቅ የምታየው ይበልጣል። አንድ አባት ገላቸውን ባጠብናቸው ቁጥር ይማቱ ነበር። አስቸጋሪ ተብለው አንቲሳይኮቲክ ተጀመረላቸው። አዲሷ ሐኪም መጣችና "ሲታጠቡ ልይ" አለች። እጅጌዋን ሰብስባ ቆማ አየች። የሚማቱት ቀኝ እጃቸው ከፍ ሲደረግ ብቻ ነው። ትከሻቸው ደርቆ አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር፣ መናገር አቅቷቸው እንጂ ያማቸዋል። ከመታጠባቸው አንድ ሰዓት በፊት ፓራሲታሞል፣ ሸሚዙን ሲያወልቁ በግራ በኩል መጀመር፣ አለቀ። አንቲሳይኮቲኩን አቆመችው።

ያ መድኃኒት ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2005 ዲሜንሺያ ላለባቸው አረጋውያን የሞት አደጋ ይጨምራል ብሎ በአዲሶቹ ላይ በጥቁር ሣጥን ማስጠንቀቂያ አስጽፏል፣ በ2008 ደግሞ የድሮዎቹንም ጨመረ። አንዳንዴ ያስፈልጋል፣ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ ሕመምን፣ ድርቀትን፣ መነጽርን፣ የጆሮ ማዳመጫውን ባትሪ እይ።

መልስ፦ የአባቷ ልጅ

ሐኪም አይደለሁም፣ አባቴን ስድስት ዓመት አስታምሜያለሁ። ብዙ ሐኪም ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ "ይበላሉ? ይተኛሉ?" ይላል፣ አባቴ እዚያው ተቀምጦ። አንዱ ብቻ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠና አባቴን ጠየቀው፣ መልሱን እስኪጨርስም ጠበቀ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "አንቺስ ከተኛሽ ስንት ቀን ሆነሽ?" አለኝ። አለቀስኩ። እሱን መሆን የምትችል ከሆነ ግባበት በቃ።

ሦስተኛ ዓመት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወጣሁ፣ ያንተን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀስ በቀስ፣ ዶክተር፣ የሁለት ወር ምርጫ ጊዜ አለኝ። እርስዎ ቢሆኑ የት ያሳልፉታል?

መልስ፦ ቀስ በቀስ

ወጣሁ ያለው አንድም ውሸት የለበትም፣ የኮሪደሩ ነገር እኔንም ያቃጥለኛል። ግን ሥራ አታጣም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከዲሜንሺያ ጋር የሚኖረው ሰው 57 ሚሊዮን ነው ብሏል፣ በ2030 ደግሞ ከስድስት ሰው አንዱ 60 ዓመት የሞላው ይሆናል። እንግሊዞች ዘርፉን በ1989 ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ አድርገውታል፣ እዚያ ሥልጠናው ሦስት ዓመት መሠረታዊ፣ ሦስት ዓመት ደግሞ ከፍተኛ ነው።

አንዱን ወር ውስጥ ደዌ ዋርድ ሂድ። የሳይካትሪውን አታጣውም፣ የሚጎድልህ ልብና ኩላሊት ነው። ሊቲየም (ስሜትን የሚያረጋጋ መድኃኒት) የሚወስድ አዛውንት ኩላሊቱ ሲደክም ምን እንደሚሆን እዚያ ታያለህ። ሌላውን ወር አረጋውያን የሚኖሩበት ማዕከል። ካገኘህ ኢሲቲ (በማደንዘዣ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና) የሚሰጥበት ቀን ቁም። መብላት ያቆመ አዛውንት ላይ እንደዚያ ፈጥኖ የሚሠራ ብዙ ነገር የለንም።

የማስታወስና የማሰብ መለኪያ መጠይቆቹን ልመዳቸው፣ ግን አታምልካቸው። የ1975ቱ ኤምኤምኤስኢም የ2005ቱ ሞካም ከ30 ነው የሚታረሙት፣ ሁለቱም ትምህርት ያልተማረን ሰው ያለ ጥፋቱ ይጥላሉ። እኔ ሰዓት ማሳሉን እወደዋለሁ። ክብ ይሥሉ፣ ቁጥሮቹን ይሙሉ፣ "11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ" በላቸው። ቁጥሩ ሁሉ በአንድ ወገን ሲከመር፣ ወይ የደቂቃው ቀስት 2 ቁጥር ላይ መሆኑ ቀርቶ 10 ቁጥር ላይ ሲሄድ ዝም ብለህ እይ። ነገር ግን እሱም ሰዓት ማንበብ ለሚያውቅ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ለአንድ ጥያቄ መልስ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ካላሰለቸህ ያንተ ነው። ከሰለቸህም ቶሎ ማወቅህ ይሻላል። እና ጆሯቸው ለከበደ አትጩህ። የጆሮ ማዳመጫ ከሌላቸው ስቴቶስኮፕህን ጆሯቸው ላይ አድርግና በጫፉ ቀስ ብለህ ተናገር።

ሦስተኛ ዓመት

ስቴቶስኮፑን ዛሬ ሞከርኩት። ሦስት ቀን ሙሉ "አይሰሙም፣ አይተባበሩም" ተብሎ ካርዳቸው ላይ የተጻፈባቸው አባት ናቸው። ስማቸውን ጠራሁ። "ምነው ቀስ ብትል፣ ደንቆሮ መሰልኩህ?" አሉኝ። ለውስጥ ደዌው ማመልከቻ አስገብቻለሁ፣ ሰኞ እጀምራለሁ።