ፌንጣዋ ጥርት ብላ ወጥታ ፎቶው ለምን አያምርም?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች። ደሴ ነኝ፣ ጦሳ ተራራ ስር። ጠዋት ጠዋት የግቢያችን አጥር ላይ ፌንጣ አነሳለሁ። ሌንሴ 100 ሚሊሜትር ማክሮ ነው፤ ትንንሽ ነገር በጣም ተጠግቶ የሚያነሳ። ጥራቱ ደህና ነው፤ ፎቶው ግን ነፍስ የለውም። ፌንጣዋ መሃል፣ ከኋላዋ የሣር ግርግር፣ የአንቴናዋ ጫፍ ደግሞ ተቆርጦ! ትናንት 60 ያህል አንስቼ አንዱንም አልወደድኩትም።

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ወንድሜ፣ ቆመህ ከላይ ወደ ታች የምታነሳ ይመስለኛል። ተንበርከክ፤ ሌንሱን ከዓይኗ እኩል አውርደው። ወደምታይበት አቅጣጫ ባዶ ቦታ ተውላት። ለአንቴናዋም ትንሽ ራቅ በል።

ከሁሉም በላይ ግን ከፌንጣዋ ኋላ ያለውን እይ። እኔ ቦርከና ወንዝ ዳር አንዲት ሸረሪት ላይ ሁለት ጠዋት ጨርሻለሁ። ድሯ ከኋላው ካለው ደረቅ ሣር ጋር ተቀላቅሎ አልታይ አለኝ። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ስሄድ ጥላ ያረፈበት ገደል ከኋላ መጣ። ድሩ ቦግ አለ! ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

መልስ፦
ዓይኗ ላይ ፎከስ አድርግ። በጣም ስትጠጋ በኤፍ 2.8፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ በሰፊው ሲከፈት፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። ቀዳዳውን አጥብበህ ኤፍ 11 ሞክር፤ ካሜራህንም ከጎኗ ትይዩ ያዘው። የደሴ ብርድ ደግሞ ይጠቅምሃል። ፀሐይ ሳይሞቃት ቶሎ አትዘልም።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ነገ 12 ሰዓት ላይ አጥሩ ስር ነኝ።