ለቤት ውስጥ ዘንባባ የሚሆን አፈር፦ ምን ከምን ይደባለቅ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ የሆነ አሬካ ዘንባባ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፖት ጠብቦት ሥሩ በታችኛው ቀዳዳ ወጥቷል። ወደ ትልቅ ፖት ሳዛውረው የግቢ አፈርና ፍግ እኩል ብደባልቅ ይሆናል? ከሥር ጠጠር ይነጠፍ ወይስ ይቅር? የቅጠሉ ጫፍም መድረቅ ጀምሯል።

መልስ 1
የግቢ አፈር ለብቻው ፖት ውስጥ አይመከርም። ውሃ በጠጣ ቁጥር እየተጠቀጠቀ ይሄድና አየር የሚገባበት ክፍተት ይጠፋል። ውሃ የበዛበት ዘንባባ የሚሞተውም ሥሩ አየር አጥቶ ነው። ስለዚህ በአንድ ጣሳ እየሰፈሩ ይደባልቁ፦ 2 ኮኮፒት (የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ)፣ 1 በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ 1 ፐርላይት ወይም ፑሚስ (ሁለቱም ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው)፣ 1 የተከተፈ የጥድ ቅርፊት። ፑሚሱ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ዱቄቱን በወንፊት ያስወግዱ፣ ክፍተቱን መልሶ የሚደፍነው እሱ ነው። በዚሁ ምክንያት ደቃቅ አሸዋም አይጨምሩ።

ድብልቁን ካረጠቡ በኋላ በእጅዎ ጨብጠው ይልቀቁት። ቅርጹን ይዞ በጣት ሲነኩት ከፈረሰ ልክ ነው። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ፑሚስ ይጨምሩ።

ያልበሰበሰ ፍግ ግን በፍጹም! ጨውና አሞኒያው ሥሩን ያቃጥላል።

መልስ 2
በድብልቁ እስማማለሁ። ጠጠሩ ይቅር። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው አፈሩ ጠጥቶ ከጠገበ በኋላ ነው፤ ጠጠር ሲነጠፍ ያ የራሰው ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ ይላል። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ ወንፊት ይበቃል።

አዲሱ ፖት ከ24 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ ከሰፋ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቆያል። የዘንባባ ሥር ተሰባሪ ስለሆነ እንዳለ አውጥተው ያስቀምጡት እንጂ አይፍቱት፤ ግንዶቹንም አይለያዩ። ቀድሞ ከተተከለበት ጥልቀት በላይ አይቅበሩት፤ ግንዱ ይበሰብሳል።

ሲያወጡት አንድ ቡናማ ሥር በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ያድርጉ። ልጣጩ ተገፎ እንደ ክር ያለ ነገር ብቻ ከቀረ በስብሷል፤ በንጹህ መቀስ ይቁረጡት። ጠንካራውን አይንኩ።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ኮኮፒት ባላገኝስ?

መልስ 1
2 የተነፋ ለም አፈር፣ 1 ኮምፖስት፣ 2 ፑሚስ ያድርጉ። ዋልካ አፈር ከሆነ ይተዉት፣ ፑሚስ ቢበዛበትም አይላላም። ይህኛው ድብልቅ ስለሚከብድ ፖቱ የሚቀመጥበትን ቦታ አስቀድመው ይምረጡ። ኮኮፒት ካገኙ ደግሞ አንዳንዱ ጨው ስላለው አጥበው ይጠቀሙ።

መልስ 3
ስለ ጫፉ መድረቅ፦ ሥሩ ፖቱን ስለሞላው አፈሩ ቶሎ እየደረቀ ይሆናል፤ ከማዳበሪያና ከውሃ የተጠራቀመ ጨውም ያመጣዋል። አፈሩ ላይ ወይም በፖቱ አፍ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ካዩ ጨው ነው። ካዛወሩት በኋላም በየጥቂት ወሩ ከታች በደንብ እስኪፈስ ውሃ ያጠጡትና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉ። አሮጌው ቅጠል መሃሉ አረንጓዴ ሆኖ ጠርዙ ቢጫ ከሆነ ግን የማግኒዚየም እጥረት ነው፤ አፈር መቀየር ብቻውን አያድነውም፣ ማግኒዚየም ያለው የዘንባባ ማዳበሪያ ይፈልጋል። እሱንም ቢሆን ካዛወሩት ከ6 ሳምንት በፊት አይስጡት።