ክርክር፦ ከሰፈሩ ለሚነሳ ሰው እድሩም ካሳ ይታሰብለት?

አወያይ፦ የሳምንቱ ጥያቄ ይኸው። አዲስ አበባ ውስጥ ለመልሶ ማልማት ከነባር ሰፈሩ የሚነሳ ሰው ለቤቱ ምትክ ወይም ካሳ ያገኛል። ጎረቤቱስ? እድሩስ? አንዳንዱ ማህበራዊ ትስስር እንደ ቤት ሀብት ነው ይላል። ሌላው ናፍቆት ነው ይላል። ስድብ ክልክል ነው፤ ሌላው ክፍት ነው።

የልደታ ልጅ፦ ናፍቆት ነው የሚል ሰው ለቅሶ ደርሶበት አያውቅም። ሌሊት ሰው ሲሞትብህ ጠዋት ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ ታገኘዋለህ። ያንተ ድርሻ ማልቀስ ብቻ ነው። ነገሩ ደግሞ ቀብር ላይ አያበቃም። ልጇን ጎረቤት ትታ ጉሊት የምትወጣ እናት አለች። እስከ ደሞዝ በዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ አለ። ደንበኛም አለ። እነዚህ ሁሉ በካሳ ፎርም ላይ ቦታ የላቸውም። አክስቴ ጀሞ ከገባች በኋላም የድሮ እድሯን አልለቀቀችም። ወር በገባ ቁጥር ሁለት ታክሲ ይዛ ሄዳ ትከፍላለች።

ሒሳብ ይሠራ፦ ክብር ለአክስትህ። ግን ስለ ነባር ሰፈር ስናወራ የሚያፈሰውን ጣሪያና ለስንት አባወራ አንድ የሆነውን ሽንት ቤት እንረሳለን። መነሳት ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። አሜሪካኖች ይህንን በሙከራ አይተውታል። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 በአምስት ትልልቅ ከተሞች በመንግሥት ቤት የሚኖሩ ድሃ ቤተሰቦችን በዕጣ ለዩ። ዕጣ ለወጣላቸው ድህነት ባልበዛበት ሰፈር እንዲከራዩ ድጎማ ሰጡ። 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩ ልጆች አድገው ሥራ ሲይዙ፣ ገቢያቸው ዕድሉ ካልደረሳቸው በ31 በመቶ ገደማ በለጠ። የድሮ ጎረቤት መቅረቱ አልገደላቸውም።

ሲስተር፦ ግማሹን ነው የነገርከን። በዚያው ጥናት ከ13 ዓመት በላይ ሆነው የተዛወሩት አልተጠቀሙም። እንዲያውም ትንሽ የመጎዳት ምልክት ነው የታየባቸው። ለትልቅ ልጅ ከጓደኛና ከትምህርት ቤት መነቀል ዋጋ አለው ማለት ነው። ደግሞ እነሱ የገቡት ደህና ኑሮ ያለው ሰው መሃል ነው። እኛ የምናዛውረው ከመሃል ከተማ ወደ ዳር ነው። ምኑ ይገናኛል?

ዲሲ ያለሁት፦ እኔ ደግሞ ከሁለታችሁም ትንሽ እለያለሁ። እዚህ እቁብም እድርም አለን። ሰው ሲሞት አስከሬን ወደ አገር ለመላክ የሚያዋጣው ያገር ሰው ነው። ስመጣ ሥራ ያስገባኝም ያገር ሰው ነው፤ እሱ ራሱ የሚሠራበት ፓርኪንግ። እስከዚያ ድረስ እግዜር ይስጥልን። ከፓርኪንጉ ልውጣ ስል ግን ከማውቀው ሰው ሁሉ መንገዱን የሚያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት የ72 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን ጓደኝነት አይቶ ነበር። ድሃ ልጅ አድጎ ኑሮው ከሚሻሻልበት አካባቢ ጋር አብሮ የሚታየው የድሃና የሀብታም መወዳጀት ነው። እርስ በርስ ጥብቅ ብሎ መተዋወቅ ብቻውን ያን ያህል አልታየበትም። እድር ከመውደቅ ያድናል። ከፍ ያደርጋል ወይ? እዚህ ላይ እጠራጠራለሁ።

የልደታ ልጅ፦ አንተ ስትወድቅ የያዘህን ነው እኮ የምታማው።

ጠበቃ ነኝ፦ ለመሆኑ ሕጉን ያነበበ አለ? አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማህበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሞራል ጉዳት የሚከፈል ካሳ አለ ይላል። ስለዚህ «ይታሰብ?» የሚለው በወረቀት ላይ መልስ አግኝቷል። ችግሩ ለማን የሚለው ነው። አዋጁ በዋናነት የሚያስበው ባለይዞታን ነው። እድር ውስጥ ግን ባለይዞታውም የቀበሌ ቤት ተከራዩም እኩል ከፋይ ናቸው። ሌላም አለ። ካሳ ለግለሰብ ነው የሚከፈለው፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ግን የጋራ ነው። ገንዘብ የተቀበለ ሰው አዲስ ሰፈር ሲደርስ የአዲሱን እድር መግቢያ ይከፍላል። የሚያውቀው ፊት ግን የለም።

ኮቤን አስታውሱ፦ ካሳውን ተዉትና አሰፋፈሩን እዩ። ጃፓን፣ ኮቤ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1995። የመሬት መንቀጥቀጡ ከ6,400 በላይ ሰው ገደለ። ከዚያ ጊዜያዊ መጠለያ ተሠራ። ዕድሉ በዕጣ ነበር፤ ለአዛውንትና ለአካል ጉዳተኛ ቅድሚያ ተሰጠ። ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? ውጤቱ ግን ከከተማው ዳር የማይተዋወቁ አዛውንቶች የታጨቁበት ሰፈር ሆነ። ከ200 በላይ ሰዎች በእነዚያ መጠለያዎች ውስጥ ብቻቸውን ሞቱ። አንዳንዶቹን ለቀናት ያወቀ ሰው አልነበረም። አስቡት፤ ጥሩምባ ነፊ የሌለበት ሰፈር። እ.ኤ.አ. በ2004 ኒጋታ ላይ ሌላ መንቀጥቀጥ ሲመጣ ትምህርቱን አልረሱም። ያማኮሺ የምትባለውን የተራራ መንደር ሰዎች በየጎጣቸው እንደተያያዙ አሰፈሯቸው። ይህ ከካሳ ክፍያ ጋር አይገናኝም። የስም ዝርዝር አደራደር ጉዳይ ነው።

ሒሳብ ይሠራ፦ ኮቤን ተቀብያለሁ። ግን የኮንዶሚኒየም ዕጣ እኛ ጋ የገባው እኮ ሰው በዘመድ እንዳይገባ ነው። «አብረን እንግባ» ብለህ በር ከከፈትክ ባለሥልጣን የሚያውቅ ቡድን ጥሩውን ብሎክ ይወስዳል። ትስስር ያላችሁት ነገር አንዱ ፊቱ ይሄ ነው። ማንም ሲያነሳው አላየሁም።

ሲስተር፦ ይሄ እውነት ነው። በእድርም ቢሆን መዋጮ አቅቶት የተሰረዘውን ማንም አይቆጥረውም። የእኔ ሐሳብ ብሎኩ ለሰፈሩ ይሰጥ፣ ቤቱ በብሎኩ ውስጥ በዕጣ ይሁን። የትኛው ሰፈር የትኛውን ብሎክ ያግኝ የሚለውም በዕጣ።

ሒሳብ ይሠራ፦ አራተኛ ፎቅ የደረሳቸው የሰባ ዓመት እናትስ?

ሲስተር፦ ከምድር ቤት ጋር ይለዋወጣሉ። በእኛ ብሎክ ሁለት ሰዎች ተለዋውጠዋል። ያስማማቸውም የእድሩ ዳኛ ነው፤ አብረው ስለመጡ አንዱ የሌላውን ጉልበት ያውቃል።