እናቴ ድዷ ይደማል፤ ሎሚ ይሻላታል?

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኛልና እባካችሁ ምከሩኝ። እናቴ ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ ይደማል። የመፋቂያው ጫፍ ቀልቶ ነው የሚወጣው። ከታች የፊት ጥርሶቿ ሥር ያለው ድድም አብጧል። ጎረቤቱ ሁሉ «ቫይታሚን ሲ አንሷት ነው፣ ሎሚ ትምጠጥ» ይላል።

ቫይታሚን ሲ ለድድ እንደሚያስፈልግ አምናለሁ። በ1747 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ የመርከብ ሐኪም ጄምስ ሊንድ ድዳቸው የበሰበሰ መርከበኞችን ሲያክም፣ ቶሎ ያገገሙት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ነበሩ። ግን የሎሚው አሲድ የጥርስን ሽፋን ይበላል። እናቴንም አሁን ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ጥርሷን ይጠዘጥዛታል። በዚያ ላይ ጨጓራ አለባት።

ሎሚውን ትተን ዘይቱንና ፓፓያ ብናበላት ይበቃል? ወይስ ደሙ ጥርሷ ላይ ከደረቀው ቆሻሻ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ወስጄ ላሳጥባት? የጥርስ ሐኪም የሆናችሁ፣ በጣም ጨንቆኛልና መልሱልኝ።