«ክላስ አልተገኘም» ሲል ባህር ዳር ውስጥ ማን ጋ ይኬዳል?

ባለፈው ሰሞን ጁስ ቤት ተቀምጠን፣ አንድ የፖሊ (የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ) ተማሪ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙሮ «እዚህ ከተማ ፒኤችፒ የሚችል ሰው ጠቁመኝ» አለኝ። ፒኤችፒ ዌብሳይት የሚሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ቤቱ ይሠራል። ሆስቲንግ (ዌብሳይት የሚቀመጥበት የኪራይ ሰርቨር) ላይ ሲጭነው «ክላስ አልተገኘም» ብሎ ቀጥ፤ ክላስ ማለት ስም የተሰጠው የኮድ ክፍል ነው። አጠገባችን የነበሩት ተረባረቡበት። አንዱ «ሆስቲንግ ቀይር» ይላል፣ ሌላው የሚያውቀውን ሱቅ ይጠቁማል፣ ሦስተኛው «ፒኤችፒ ሞቷል፣ ፓይተን ተማር» ይላል። (ይሄ ሦስተኛው ሰው ከየትም አይጠፋም።)

እኔ ይህን ስህተት በገንዘቤ ነው የተማርኩት። ስለዚህ የትኛው አገልግሎትና የትኛው ዕቃ እንደሚያዋጣ ከራሴ ልጀምር።

አምና፣ ከጣና የሚወጣ ዓሣ ለሆቴሎች ለሚያከፋፍሉ አንዲት እትዬ የዱቤ መመዝገቢያ ሠራሁ። ማን ስንት ኪሎ ቆሮሶ ወሰደ፣ ማን ጋ ስንት ብር ቀረ፣ እሱን ነው የሚይዘው። ላፕቶፔ ላይ አሳየኋቸው፣ ወደዱት። በማግስቱ ሆስቲንግ ላይ ጭኜ ስልካቸው ላይ ብከፍተው ነጭ ገጽ። «ልጄ፣ ትናንት ያየሁት የት ሄደ?» አሉኝ። ላቤ መጣ።

መጀመሪያ የሆስቲንጉ ድጋፍ ሰጪዎች ጋ ደወልኩ። «ሰርቨሩ ሰላም ነው፣ ኮድህን እይ» ብለው ዘጉት። ተናደድኩባቸው፤ እውነታቸውን ነበር ግን። ቀጥዬ አንድ የሶፍትዌር ቢሮ ወሰድኩት። ሁለት ቀን አቆይተው የፒኤችፒውን ቨርዥን ቀየሩ፣ ኮዱን አጥፍተው እንደገና ጫኑ፣ ሂሳብ ተቀበሉ። ስህተቱ እንዳለ ነው። በመጨረሻ በሰው በሰው አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ አገኘሁ። ልጁ ኮዱን አልነካም። የስህተቱን መስመር በአንድ በኩል፣ የፎልደሩን ስም በሌላ በኩል ከፍቶ ፊደል በፊደል ጮክ ብሎ አነበበ። «ኔምስፔስህ ላይ ሞዴልስ በትልቁ ኤም ነው። ፎልደርህ ላይ በትንሹ ኤም ነው።» (ኔምስፔስ ኮዱ ውስጥ የክላሱ የቤተሰብ ስም በሉት።) በቃ። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ፋይል ሲፈልግ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። አብዛኛው ሆስቲንግ የሚሠራበት ሊኑክስ ግን ይለያል። ለእኛ ሰው ይሄን ማስረዳት ቀላል ነው። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»። ተራ አንባቢ ሁለቱንም ያው ፀሐይ ብሎ ያልፋቸዋል። ዊንዶውስ እንደዚያ አንባቢ ነው። ሊኑክስ ግን ጎጃም ቅኔ ቤት የኖረ የኔታ ነው፤ አንዲት ፊደል ከተሳተች «እንዲህ የሚባል የለም» ይላችኋል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይሁን እንጃ፣ የብዙዎቻችን ዓይን እዚህ ላይ ይሰንፋል።

ፒኤችፒ ራሱም ያታልላል። የክላስ ስም ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። ክላሱ ገና ካልተጫነ ግን ኦቶሎደሩ፣ ማለትም ክላስ ፈልጎ የሚጭነው ኮድ፣ ስሙን ወደ ፋይል አድራሻ ይለውጠዋል፣ እዚያ ላይ ሊኑክስ ያዝ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ የጸደቀው ፒኤስአር 4 የሚባለው ደንብም የኔምስፔሱና የፎልደሩ ስም ፊደል ለፊደል አንድ ይሁን ነው የሚለው። የኮምፖዘር፣ ማለትም ሌሎች የሠሩትን የፒኤችፒ ኮድ አውርዶ የሚያደራጀው መሣሪያ፣ አጫጫን በአብዛኛው በዚህ ደንብ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥቆማው።

ለዚህ ዓይነት ስህተት የመጀመሪያ ምርጫዬ ተማሪ ነው። ፖሊ በር አካባቢ ያሉ ኮፒ ቤቶች ጠይቁ፤ ማን ምን እንደሚችል ከሬጅስትራር በላይ ያውቃሉ። ዋጋው ይቀላል፣ ኤረር ማንበብ ደግሞ የዕለት ሥራቸው ነው። ጉዳቱ፣ ፈተና ሲደርስ ስልክ አያነሱም፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ወዳገራቸው ይሄዳሉ። ክፍያውን በሰዓት ሳይሆን «ስህተቱ ሲጠፋ» ብላችሁ ተስማሙ። የሆስቲንጉን ዋና ፓስወርድ አትስጡ፤ ለፋይል ብቻ የሚሆን ጊዜያዊ አካውንት ክፈቱለትና ሲጨርስ ዝጉት። ከሁሉም በፊት ባክአፕ።

የሶፍትዌር ቢሮዎችን ጨርሶ አልኮንንም። ደረሰኝ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ፣ ወይም ሲስተሙን ዓመቱን ሙሉ የሚከታተል ውል ካስፈለጋችሁ እነሱ ናቸው የሚያዋጡት። ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «መጀመሪያ የምታዩት ምንድነው?» «ሎጉን» (ስህተት የሚመዘገብበትን ፋይል) ካሉ ቁጭ በሉ። «ቨርዥኑን እንቀይረው» ካሉ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ውጡ። ቨርዥን መቀየር አንዳንዴ ሌላ በሽታ ይጨምራል። የድሮ ሲስተሞች ክላስ የሚጠሩት በሁለት አንደርስኮር በሚጀምረው ኦቶሎድ በሚባል ፈንክሽን ነበር። ፒኤችፒ 8 እሱን ጨርሶ አስወግዶታል። ቨርዥኑን ከፍ ስታደርጉ አሮጌው ሲስተም ያን ዕለት ይቆማል።

የሆስቲንግ ድጋፍ ሰጪዎች ነፃ ናቸው፤ አጠያየቁን ማወቅ ነው። «ሳይቴ አይሠራም» ካላችሁ ሰላም ብለው ይሸኟችኋል። የጠፋው ክላስ የእናንተ ሳይሆን የፒኤችፒ የራሱ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ዚፕ አርካይቭ ወይም ዶም ዶኪውመንት፣ ያ የእነሱ ሥራ ነው። «የዚፕ ኤክስቴንሽን (የፒኤችፒ ተቀጥላ) አብሩልኝ» በሏቸው፤ ወዲያው ይበራል። ላፕቶፕ ላይ ሲሆን ፒኤችፒ ዶት አይኤንአይ የሚባለውን ፋይል ከፍታችሁ ከመስመሩ ፊት ያለችውን ሰሚኮለን ማጥፋትና ሰርቨሩን ማስነሳት ነው። ኤክስቴንሽኑ በርቶም «የለም» ካላችሁ፣ ኔምስፔስ ውስጥ ሆናችሁ ከክላሱ ስም ፊት ወደኋላ ያዘነበለችውን ሰረዝ ረስታችኋል። ፒኤችፒው ዚፕ አርካይቭን የሚፈልገው እናንተ ኔምስፔስ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ሆስቲንግ ገና ልትገዙ ከሆነ፣ እዚሁ በብር፣ በቴሌብር የሚከፈለው ለጀማሪ ይበቃል። ዶላር ካርድ ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም። ግን ሻጩን ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) አለው ወይ፣ የፒኤችፒ ቨርዥን ራሴ እመርጣለሁ ወይ፣ የኤረር ሎግ ይታየኛል ወይ በሉት። ሦስተኛው ከሌለ በነፃ ቢሰጧችሁም አልመክርም። ተርሚናል ከሌለ ደግሞ ኮምፖዘር ያወረደው የሚቀመጥበትን ቬንደር ፎልደር ላፕቶፕ ላይ አዘጋጅቶ መጫን ግድ ነው። ያኔ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ፒኤችፒ ከሆስቲንጉ ከበለጠ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በኮምፖዘሩ ፋይል ውስጥ የሆስቲንጉን ቨርዥን አስቀድማችሁ ጻፉለት፣ ለዚያ የሚስማማውን ብቻ ያወርዳል።

አሁን ዕቃው። ላፕቶፕ ላይ ፒኤችፒ ለማስኬድ ዛምፕ ሁሉም የሚያውቀው ነው፣ ለመጫንም ቀላል። ኮምፖዘር ግን አብሮት አይመጣም፣ ለብቻው ትጭናላችሁ። ላራጎን ይሻለኛል፤ ቀለል ይላል፣ የፒኤችፒ ቨርዥን መቀያየርም አያስቸግርም። ሆኖም ሁለቱንም ዊንዶውስ ላይ ስታስኬዷቸው እኔን እትዬ ፊት ያሳፈረኝን ስህተት አይነግሯችሁም። ሊኑክስን በሣጥን የሚያስኬደው ዶከር ኮዱ ውስጡ ከተቀመጠ ይነግራል፣ ግን ራሙ 8 ጊጋ የሆነ ላፕቶፕ ላይ ሲነሳ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። የእኔ ምርጫ ዊንዶውስ ውስጥ ኡቡንቱ የሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል ነው። አንድ ማሳሰቢያ፣ ፕሮጀክቱን ሲ ድራይቭ ላይ ትታችሁ ከኡቡንቱ ብታስኬዱት ያው የዊንዶውስ ፋይል ነው፣ ፊደል አይለይም። ኡቡንቱው ውስጥ ባለው የራሳችሁ ሆም ፎልደር አስቀምጡት። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሳምንት «ሊኑክስ ላይ ሞክሬዋለሁ» እያልኩ ተኩራርቻለሁ።

ምንም ሳትገዙ፣ ምንም ሳትጭኑ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ኮምፖዘር ካላችሁ ተርሚናል ላይ «ደምፕ ኦቶሎድ» የሚለውን ትዕዛዝ ከሰረዝ ኦ ጋር ስጡት። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያይና ስማቸው ከፎልደራቸው ጋር የማይገጥመውን ክላስ «የፒኤስአር 4ን ደንብ አያሟላም፣ ዘልዬዋለሁ» ብሎ ይዘረዝራል። ዊንዶውስ ላይም ይሠራል። እኔ ያን ዕለት ይህን ባውቅ ኖሮ የቢሮው ሂሳብ ኪሴ ይቀር ነበር።

ስሙን ስታስተካክሉም ተጠንቀቁ። ዊንዶውስ ላይ ትልቁን ፊደል ወደ ትንሽ ብትቀይሩ የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት ብዙ ጊዜ አያየውም፤ በራሱ በጊት የመውሰጃ ትዕዛዝ ቀይሩት። በኤፍቲፒ (ፋይል ወደ ሰርቨር መላኪያ) የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ፎልደር ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል። ሁለት ሞዴልስ፣ አንዱ በትልቁ፣ አንዱ በትንሹ። አሮጌውን ካላጠፋችሁ አንድ ቀን የትኛውን እንዳረማችሁ ይጠፋባችኋል።

«የክላሱን ስም በአማርኛ ብጽፈውስ? ትልቅና ትንሽ የለ!» ያለኝ ልጅ አለ። ፒኤችፒ ይቀበላል፣ ለቀልድ ሞክሬዋለሁ፣ «ደንበኛ» የሚል ክላስ ሠርቷል። ቀጥዬ «ዓሣ» ብዬ ክላስ ፈጠርኩና ሌላ ፋይል ላይ «አሳ» ብዬ ጠራሁት። አልተገኘም አለኝ።

ኢንተርኔት ለሚያስቸግራችሁ፦ ኮምፖዘር አንዴ ያወረደውን ፓኬጅ ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጠዋል። ኔትወርክ ያለ ቀን የምታዘወትሯቸውን አውርዱ፤ በጠፋ ቀን ከዚያው ያወጣላችኋል። መብራትና ዋይፋይ ፍለጋ ከሆነ ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች ከሰዓት በፊት ያለው ይሻላል። ከሰዓት ሙዚቃው ይበዛል፣ ፀሐይዋም ከሐይቁ ላይ እየመለሰች ስክሪኑን ታጠፋዋለች።

የጁስ ቤቱ ልጅ ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ የቀለለ ሆነ። ፊደሉ ትክክል ነው። ኤክስቴንሽኑ በርቷል። ኮዱን የወሰደው ከጊት ነበር፣ ጊት ደግሞ ቬንደርን እንዲዘል ታዟል። ሆስቲንጉ ላይ ፎልደሩ ጭራሹኑ የለም። ላፕቶፑ ላይ ያለውን ቬንደር ዚፕ አድርገን በእኔ ስልክ ሆትስፖት ጫንነውና ፈታነው። ገጹ ተከፈተ። ጁሱን እሱ ከፈለ።